የሒሳብ ወንፈል

«የመማር ማስተማሩን ሂደት ማሻሻል» የሚለውን ሐረግ ስሰማ ምራቄ ይመራል። በየዓመቱ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ይመጣል። እያንዳንዱ መምህር በክፍሉ ያሻሻለውን ነገር ተግባራዊ ምርምር ብሎ ጽፎ ማስገባት አለበት። አብዛኛው መምህር የአምናውን ጽሑፍ አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይቀይራል። የሚቀበለው ሰውም ሽፋኑን አይቶ መደርደሪያ ላይ ይጥለዋል። መምህሩ አሻሽሏል ይባላል፣ ሰውየው ተቀብሏል ይባላል፣ ተማሪው ግን እዚያው በነበረበት አለ።

እኔም እንደ ሰዉ አስገብቻለሁ። በእርግጥ የሆነውን ግን እዚያ ወረቀት ላይ ጽፌው አላውቅም። ተናግሬውም አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲሰበሰብ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቄ የተመደብኩት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። የእናቴ ቤት ፍኖተ ሰላም ስለሆነ ሩቅ ደረሰኝ ብዬ አላማረርኩም። ትምህርት ቤቱ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ብቻ ነበረው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በየጓሮው ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ስንቃቸውን በገበያ ቀን ከወላጆቻቸው ይቀበላሉ። በርበሬ ለቀማ ሲደርስ ክፍሉ ይሳሳል። የቀሩትም ጣታቸውን በርበሬ ለብልቦት ይመጡና ዓይናቸውን በነኩ ቁጥር እንባቸው ይወርዳል።

በክፍሉ ጥግ በብረት ሣጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። ከአዲስ አበባ በሳተላይት ትምህርት ሊያስተምር የመጣ ነው። እኔ ስደርስ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ሣጥኑ ውስጥ አይጥ ወልዳበት ስለነበር ፀሐይ ሲበረታ ይሸታል። ቁልፉ ጠፍቷል ስለተባለ ማንም አልከፈተውም። ሽታውን እየተነፈስን የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ተማርን።

በመጀመሪያው ዓመት ያስተማርኩት ለሰሌዳው ነው ብል ይቀላል። ዞሬ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ። «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር» ይሉኛል። ፊታቸውን ማየት ስለማፍር አዎታቸውን አምኜ ወደ ሰሌዳው እመለሳለሁ።

ያኔ ተማሪው ሁሉ አምስት አምስት እየሆነ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር። አንድ ጎበዝ ይመረጣል፣ ሌሎቹ ከሥሩ ይሆናሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ያጠናሉ ይባላል። ከዚህ ጋር አንድ ትእዛዝ ተያይዞ መጣ፤ ከሃምሳ በታች የሚያመጣ ተማሪ እንዳይኖር። እንዴት እንደማይኖር የሚያስረዳ አልነበረም። ካለ ግን የሚጠየቀው መምህሩ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ኅዳር ላይ፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሳርም የአንድ ቡድን ወረቀቶች ተከታትለው እጄ ገቡ። የመጀመሪያው ወረቀት የአንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተሳስታ ጀምራ፣ በሁለት መስመር ሰርዛ፣ ከሥሩ አስተካክላ ሠርታዋለች። ከጎኑ ደግሞ «ቲቸር፣ ወረቀቱን ስላበላሸሁ ይቅርታ» ብላለች። ደስ አለኝ፤ ስህተቷን ራሷ አግኝታ አርማለች። ሁለተኛውን ወረቀት አነሣሁ። ያው ስህተት፣ ያው ሁለት መስመር፣ ከጎኑ «ቲቸር፣ ወረቀቱን ስላበላሸሁ ይቅርታ»። ሦስተኛውም። አራተኛውም። አምስተኛው ልጅ ቦታ አጥሮት ይቅርታውን በወረቀቱ ጀርባ ጽፎታል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ አምስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሳያስቡ ይቅርታ መጠየቅን እንኳ ገልብጠዋል።

በማግስቱ አምስቱን ከክፍል በኋላ አስቀረኋቸው። የቡድኑ መሪ የሆነው ልጅ ቀልደኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ይወዳል፣ ጸጉሩን በቅባት ይለጥፋል።

«ማነው የሠራው?» አልኩ።

«ሁላችንም ነን፣ ቲቸር።»

«ሁላችሁም አንድ ላይ ተሳስታችሁ፣ አንድ ላይ ሰርዛችሁ፣ አንድ ላይ ይቅርታ ጠየቃችሁ?»

«አንድ ለአምስት አይደለን እንዴ?» አለ። ሌሎቹ አፋቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔ ስላልሳቅሁ ግን ተጨነቀና ማስረዳት ጀመረ። «ቲቸር፣ ወንፈል ነው። ሒሳብ የሷ ነው። እንግሊዝኛ የኔ። ባዮሎጂ የሱ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የነሱ። ሁሉን የሚችል ሰው አለ?»

«ሲቪክስስ?»

«ሲቪክስማ ራሱ ይመጣል።»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «አንቺ ባዮሎጂ አታነቢም?»

«የኔ ማሳ አይደለም፣ ቲቸር» አለች። «እኔ ባዮሎጂ ካጠናሁ እሱ ምን ሊሠራ ነው?»

የተናገረችው ከልቧ ነው። እዚያ አገር ሰው ብቻውን አያርምም፣ ብቻውን አያጭድም። ዛሬ ሁሉም ያንተ ማሳ ላይ ይውላል፣ ነገ አንተ የነሱ ማሳ ላይ ትውላለህ። እምቢ ያለ ሰው ንፉግ ይባላል፤ የንፉግ ልጅም ንፉግ ይባላል። እነዚህ ልጆች ኮረጁ ብትሏቸው ይገርማቸዋል። ያደጉበትን ነው ያደረጉት። ግን እናቴ ከገበሬ ቤት ስለወጣች ወንፈልን እኔም አውቀዋለሁ። በወንፈል ሁሉም ያጎነብሳል፤ ሁሉም አረሙን ከሰብሉ ይለያል። እዚህ ግን አንዷ ታጎነብሳለች፣ አራቱ ዛፍ ሥር ይተኛሉ፤ ነገ ደግሞ እሷ ትተኛለች።

«ግንቦት ላይስ?» አልኩ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ተማሪ የሚቀመጠው በስሙ ተራ ነው፤ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተቀላቅሎ።

መሪው ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። «እግዜር ያውቃል። ሒሳብ የሚችል ሰው አይጠፋም።»

«ሒሳቡማ እኔ አለሁ» አለች ልጅቷ። «እኔ የምፈራው ሌላውን ነው።»

ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። አባቷ ክፍል የተከራየላት እስከ አሥረኛ ነው። ካለፈች ወደ ቡሬ መሰናዶ ትሄዳለች። ካላለፈች ክፍሉን ታናሽ ወንድሟ ይረከበዋል፤ እሷ ወደ በርበሬው ማሳ ትመለሳለች። ቤተ ሰቡ ለሁለት የሚሆን ስንቅ የለውም። ይህን የነገረችኝ ሳታማርር፣ ጣቶቿን እየነፋች ነው፤ ቅዳሜና እሁድ በርበሬ ስትለቅም ነበር።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ የምለውን ስለማመድ ቆይቼ ነው የገባሁት። ምሳ በልቶ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር። ታሪኩን ስነግረው ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

«ወንፈል አሉት?» አለ።

«አዎ። ማለት፣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው የሚችሉትን ብቻ ነው የሚያጠኑት። ግንቦት ላይ—»

«ወንፈል!» አለ ጠረጴዛውን እየመታ። «ይኸው! ከኅብረተሰቡ ባህል ጋር የተቀናጀ የትምህርት ልማት ሠራዊት። ይሄንን ማነው ያሰበው? አንቺ ነሽ?»

«እኔ አላሰብኩም። ችግር ነው እያልኩ ነው።»

«ትሕትናውን ተይው፣ እህቴ። ይሄ ተሞክሮ ይቀመራል።» ስንጥሩን አየት አድርጎ የጫፉን ነገር በከንፈሩ ወሰደና ዋጠው። «የወረዳ ጉብኝት አለብን። ይሄንን እናሳያለን።»

እስከ ዛሬ ስለ ትምህርት ጥራት የሚሰብክ ሰው ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጥርሱ ነው።

ስለዚህ የማውቀውን ለብቻዬ ሞከርኩ። በታኅሣሡ ፈተና ሰሌዳውን በጠመኔ ከፋፍዬ በአንድ ጠረጴዛ ለተቀመጠው ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቁጥር ያለው ጥያቄ ጻፍኩ። መንገዱ ያው ነው፣ መልሱ ይለያያል። ሌላም ለመድኩ። በየቀኑ አንድ ተማሪ አስነሥቼ መልሱን ሳይሆን እንዴት እንደደረሰበት እንዲናገር እጠይቃለሁ። እኔው እንደነሱ እያፈርኩ፣ ጠመኔውን በእጄ እየፈተልኩ፣ ፊታቸውን ማየት ጀመርኩ። «አዎ ቲቸር» ከሚሉት ብዙዎቹ ምንም እንዳልገባቸው ያኔ አየሁ። ደክሜ ስወጣ አንድ ነገር ሠራሁ እል ነበር።

የፈተናው ውጤት ወደቀ። ክፍሉ በሙሉ ወደቀ። ልጅቷ ብቻ ሁሉንም ሠርታለች። መሪው ልጅ የሷን መልስ በራሱ ጥያቄ ሥር ጽፎ ዜሮ አገኘ።

ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። በዕረፍት ሰዓት በክፍሉ በር ሳልፍ መሪው ልጅ ለጓደኞቹ ሲናገር ሰማሁት።

«ወንፈል በላች።»

«ቲቸር ናት ጥያቄውን የቀየረችው» አለ ባዮሎጂ የሱ የሆነው።

«እና? ቁጥሩ ሲለይ አይታለች። የኛን ለምን አልሠራችልንም? እንግሊዝኛ ላይ እኔ እጄ እስኪደነዝዝ ሳሳያት አልነበር? በላች። አለቀ።»

ወንፈል በላ መባል እዚያ አገር ክፉ ስም ነው። የሰው ጉልበት በልቶ ተራው ሲደርስ የጠፋ ማለት ነው። የልጅቷን ፊት አየሁ፤ ጥግ ላይ ቆማ ደብተሯን ታገላብጣለች፤ ገጹን ግን አታይም።

ጥር ላይ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲመጣ ውለታዋን መለሱላት። በእንግሊዝኛ ቀን መሪው ልጅ ክንዱን አጥር አድርጎ ወረቀቱን ሸፈነ። በባዮሎጂ ቀን ደግሞ እሷ የምትደገፍበትን የጠረጴዛ ጠርዝ በበርበሬ ፍሬ አሽተው ጠበቋት። እኔ ያንን ክፍል እፈትን ነበር። ፈተናው እንደተጀመረ ዓይኗን ነካች፣ ከዚያ ደጋግማ ነካች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንባ ይንጠባጠብ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብ ስል የበርበሬው ሽታ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ውሃ አስመጥቼ አስታጠብኳት። አራቱ ዓይናቸውን ከወረቀታቸው አላነሡም፤ አንዱ ብቻ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቀ ነው። አስጠሉኝ። ልጆች ናቸው ብዬ ለራሴ ብነግረውም አስጠሉኝ።

በሒሳብ አንደኛ ወጣች። በሌላው ሁሉ ወደቀች። እኔ ቁጥር ባልቀይር ኖሮ ያን መንፈቀ ዓመት ታልፍ ነበር፤ ግንቦት ላይ ግን ያው መውደቋ አይቀርም ነበር። ይህን ለራሴ አሁንም እያልኩት ነው።

ከፈተናው በኋላ ግምገማ ተጠራ። በመምህራን ማረፊያው ክፍል፣ ካልሲ ካልሲ በሚሸት አየር፣ ተደርድረን ተቀመጥን። ርዕሰ መምህሩ የሒሳብን ውጤት አነበበ።

«መምህርት፣ ይሄ ምንድነው?»

«ልጆቹ… የሚያውቁት ይሄ ነው» አልኩ።

«የሚያውቁትን አልጠየቅሁሽም። ሠራዊት ገንብተን ነበር፤ አንቺ በታተንሽው። ይሄ ግለኝነት ነው። የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው። ሂስሽን ዋጪ።»

«እኔ እንኳ…» ብዬ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ ክፍል ኃላፊ በጉልበቱ ነካ አደረገኝ። የዋህ ሰው ነው፤ ጡረታው ደርሷል። «ዋጪው፣ ልጄ» አለ በሹክሹክታ። «ሁላችንም ውጠናል። አይገድልም።»

ማካካሻ ፈተና እንድሰጥ ታዘዝኩ፤ የቀድሞውን ጥያቄ፣ በቀድሞው አቀማመጥ። አልሰጥም አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ስለዚህ ደገምኩት። ፈተናውን የክፍል ኃላፊው ሰጠው። ሁሉም ከሃምሳ በላይ አመጣ።

የወረዳው ጉብኝት ረቡዕ ሊሆን ነበር። ረቡዕ ጾም ነው ሲባል ወደ ሐሙስ ተዛወረ፤ ከቅበላው በፊት እንዲሆንም ተቻኮሉ። ምክንያቱ የገባኝ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከአሥረኛ ክፍል ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ በግ ይታረድ ነበር። ደሙ በግድግዳው ሥር በተቆፈረው ቦይ ወርዶ ረጋ። የጨጓራው ሽታና የሣጥኑ ሽታ ተገናኙ። ዝንቡ በመስኮት ገብቶ ተማሪዎቹ ከንፈር ላይ ያርፋል። እንግዶቹ ሲገቡ ክፍሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

አምስቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር፤ ልጅቷ ጫፍ ላይ፤ በሷና በሚቀጥለው ልጅ መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ። እኔ ከኋላ ቆምኩ። የእንግዶቹ መሪ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በልጆቹ ትከሻ ላይ እጁን እያሳረፈ ይሄዳል። ወደነሱ ጠረጴዛ ደረሰ።

«የሒሳብ ወንፈል የሚባለው እናንተ ናችሁ?»

«አዎ ጌታዬ» አለ መሪው ልጅ። «እንረዳዳለን።»

«አንቺስ፣ እናቴ? ምን ትረጃለሽ?»

«ሒሳብ።»

«ጎበዝ። አንቺን ደግሞ ማን ይረዳሻል?»

ልጅቷ ጠረጴዛውን አየች። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማንም» አለች።

ሰውየው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አለ፤ «ትሕትና ነው፣ ክቡር። የገጠር ልጅ ናት።» ሰውየውም ፈገግ አለ። «ትሕትና ጥሩ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። አብሮት የመጣው ሰው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያየውን እውነት አንዲት ልጅ በአንድ ቃል ተናግራ ነበር። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አባረሩት።

በምሳው ጊዜ ጉበቱ ጥሬውን ተከትፎ፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ቀረበ። አልበላም ብዬ ጥግ ያዝኩ። ርዕሰ መምህሩ ግን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደኔ መጣ።

«የወንፈሏ እናት! በሞቴ!»

እንግዶቹ ሁሉ አዩኝ። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ እኔ ደግሞ በሰው ፊት እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ጣቱ እስከ ጥርሴ ገባ። ሁሉም አጨበጨቡ። ጉበቱ ሞቅ ያለ፣ የሚያሟልጭ ነበር። በአፌ እንደያዝኩት ወጥቼ፣ ግድግዳውን ዞሬ፣ ደሙ የረጋበት ቦይ ላይ ተፋሁት። ከዚያም ያልበላሁትን ሁሉ አስታወከኝ።

በዚያ ሳምንት ልጅቷን ጠርቼ ሌላውን ትምህርት አብረን እናንብብ አልኳት። እጇን በነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ቲቸር፣ ይተዉኝ» አለች። «እርስዎ በረዱኝ ቁጥር ይብስብኛል። ብቻዬን አነባለሁ።»

ተውኳት። ሌላ የማደርገው አልታየኝም። ግንቦት ላይ በስሟ ተራ፣ ከማታውቃቸው ልጆች መካከል ተቀምጣ ተፈተነች። ውጤቱ ሲመጣ በሒሳብ የትምህርት ቤቱ አንደኛ ነበረች። ድምሩ ግን ለመሰናዶ አልበቃትም፤ ጥቂት ነው የጎደላት። መሪው ልጅ አለፈ። እንዳለው፣ አጠገቡ ሒሳብ የሚችል ሰው አልጠፋም።

በዚያው ሰሞን «የሒሳብ ወንፈል» የሚል ተሞክሮ ተቀምሮ በየትምህርት ቤቱ ተበተነ አሉ። ተግባር ላይ እንዲውል ይላል። አንብቤው አላውቅም።

መስከረም ላይ አባትየው ትንሹን ልጁን ለማስመዝገብ መጣ። ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ በዛፉ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ልጅቷ ከኋላው ቆማለች።

«እንደምን አሉ፣ መምህርት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን ነዎት?»

«ደኅና ነን። አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው። በሒሳብ አንደኛ ናት ይሉኛል። አንደኛ ሰው እንዴት ይወድቃል?»

ልጅቷ ተረከዟን አፈሩ ላይ ታሽከረክራለች። ከዚያ ተናገርኩ። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ያን ያህል የተናገርኩበት ቀን የለም። ልጅቱ እንዳልሰነፈች፣ ሌላውን ትምህርት ለሌሎች እንድትተው እኛው እንዳስተማርናት፣ ጉብኝት መጥቶ እንዳመሰገነን፣ ያ ሁሉ ነገር ውሸት እንደነበረ ነገርኩት። በግል ተመዝግባ ደግማ መፈተን ትችላለች አልኩት።

«ክፍሉ የልጁ ነው እንግዲህ» አለ። «ለሁለት ስንቅ የለኝም። በርበሬውም ሰው ይፈልጋል።»

«ክፍል አትፈልግም። ገበያ ቀን ወደኔ ትምጣ። መጽሐፉን ይዛ ትመለስ።»

«ለቀማ ላይስ?»

«ለቀማ ላይ ትቅር።»

ልጁን አየ፣ ልጅቷን አየ። «ገበያማ እኔም እመጣለሁ» አለ። የተስማማ መሆኑ የገባኝ ጋቢውን አስተካክሎ መንገድ ሲጀምር ነው።

እንዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መጣች። አባቷ በርበሬውን ሲሸጥ እሷ እኔ ቤት ትውላለች። ባዮሎጂውን ከሷ እኩል ነው የማላውቀው፤ አብረን እንጨቃጨቃለን። መጀመሪያ ላይ አንብባ ስታበቃ አንገቷን ቀና አድርጋ መልሱን ከፊቴ ትፈልጋለች። ልማዷ ነው። እኔም ልማዴ ነው፤ ዝም ማለት ሲያሳፍረኝ መልሱን እናገራለሁ። አንድ ቀን ሳብራራላት በመካከል እጇን አነሣች።

«ቲቸር፣ ዝም ይበሉ። ራሴ ላግኘው።»

ዝም አልኩ። ደስ ያለኝ ትዕዛዝ ይህ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ደግማ ተፈተነች፤ አለፈችም። ቡሬ መሰናዶ ስትመዘገብ አብሬያት ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እየጠጣን ደግማ የተፈተነችበትን ቀን አነሣች። እስከዚያ አልነገረችኝም ነበር።

«የሒሳብ ፈተና ቀን» አለች፣ «ፈታኙ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። የምሠራውን አየና ጎንበስ አለ። ክንድሽን አንሺ፣ ከኋላሽ ያሉትም ይዩ አለኝ። ወገንሽ ናቸው አለኝ።»

«ፈታኙ?»

«ፈታኙ። መምህር ነው መሰለኝ። እጁ ላይ ጠመኔ ነበረበት።»

ሻዩን አስቀመጥኩት። ያ መራራ ምራቅ እንደገና ወደ አፌ መጣ።

«ምን አደረግሽ?»

«በነጠላዬ ሸፈንኩት። ንፉግ አለኝ። ሁለት ጊዜ አለኝ፣ ከኋላዬ ያሉት እንዲሰሙት።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም» አለች፣ ስኳሩን በማንኪያ እያማሰለች። «አምስተኛውን ጥያቄ አልጨረስኩም ነበር። ከሰው ጋር ለመጨቃጨቅ ጊዜ አልነበረኝም።»